ክረምትና ሯጭ፤ ዝናብ በሩጫ ፍጥነትና በልምምድ ላይ ስላለው ኃይል

ስለ ኢትዮጵያ ሯጮች እስከ ዛሬ ብዙ ተጽፏል። ጸሐፊዎቹ የድሉን ምክንያት ሲመረምሩ የአገሩን ከፍታ፣ የአየሩን ስስነት፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በእግር የሚሄዱትን ረጅም መንገድ ያነሣሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን በየዓመቱ ሦስት ወር ያህል ሳያቋርጥ የሚወርደው ዝናብ በዚህ ክርክር ውስጥ ስፍራ ሲያገኝ እምብዛም አይታይም። ከፍታው ዓመቱን ሙሉ ከሯጩ ጋር ነው፤ ክረምቱ ግን የሚመጣው በዓለም የታወቁት ትልልቅ ውድድሮች በሚቃረቡበት ጊዜ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን የወራት ግጥሚያ ነው።

በመጀመሪያ ቋንቋችን ራሱ ስለ ክረምት የሚለውን እንስማ። «ከረመ» ማለት ክረምትን አሳለፈ ማለት ነው፤ ከዚያም ትርጉሙ ሰፍቶ «ቆየ፣ ሰነበተ» የሚለውን ያዘ። ብዙ ጊዜ ያልተያዩ ሰዎች ሲገናኙ «እንዴት ከረማችሁ» መባባላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምት ሰው ካለበት የማይነቃነቅበት ወራት ነበረና ነው። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ዓባይ ሲሞላ የጎጃምና የሸዋ መሻገሪያ ይዘጋ ነበር፤ ነጋዴውም መልእክተኛውም ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ነገሥታቱም ክረምቱን በሰፈር አሳልፈው ዘመቻቸውን ከመስከረም በኋላ ይጀምሩ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ የዐድዋን ክተት ያወጁት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሸዋም ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረ ኢሉ እንዲገባ ታዘዘ። የጦሩ ጉዞ ልኩ የሰማዩ ሁኔታ ነበር ለማለት ይቻላል።

እንግዲህ የዘመናዊው ሩጫ ወደ አገራችን ሲገባ ይህን የቆየ ሥርዓት የሚቃረን ነገር ይዞ መጣ። ኦሎምፒክን ያቋቋሙት አውሮፓውያን ናቸው፤ የውድድሩንም ወራት የቈረጡት እንደ ራሳቸው በጋ ነው። የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው። ስለዚህ አገሩ «ተቀመጥ» በሚልበት ወራት «ሩጥ» የሚል ሥራ የመጣበት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ ከእርሻውና ከጦሩ ሰው ይልቅ፣ የረጅም ርቀት ሯጩ ነው። ይህ አነጋገር ትንሽ የተጋነነ ቢመስል ቀኖቹን እየጠቀስን እናሳያለን።

የሮማው ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። በማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነበረ። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን፣ የሚወጣውም መስከረም 25 ቀን ስለሆነ፣ ያ ቀን ገና በክረምቱ ውስጥ ነው። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ሥር ሲዘጋጅ የመጨረሻው ጥረት የወደቀው በሐምሌና በነሐሴ ላይ ነበር። በእነዚያ ወራት በአዲስ አበባ በተደረገው የማራቶን ሙከራ ርቀቱን ከ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨረሰ። ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ያስመዘገበውና እስከዚያ ጊዜ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን የነበረው 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ነው። አበበ ይህን ያሻሻለው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ከተማ፣ በዓመቱ እጅግ ዝናባም በሆነው ወራት ነው። በሮማ ግን ሙቀቱን ለመሸሽ ውድድሩ ወደ ማታ ተጀመረ፤ ፍጻሜውም በችቦ ብርሃን ሆነ። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ስለ ባዶ እግሩ ዓለም ብዙ አውርቷል፤ ከየትኛው ወራት ወጥቶ ሮማ እንደ ገባ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ሌሎቹም ቀኖች እንዲሁ ናቸው። ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ የ10,000 ሜትርን ወርቅ ያገኘው ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሎምፒክ ባለ ወርቅ የሆነችው ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶንን ያሸነፈችው ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በማግሥቱ የ10,000 ሜትርን። እነዚህ ሁሉ ከአዲስ አበባ ጭቃና ብርድ ተነሥተው በቀጥታ ወደ በጋ ሙቀት የገቡ ናቸው። የቶኪዮና የሜክሲኮ ማራቶኖች በጥቅምት ስለዋሉ ለጊዜው ይቅር የሚባል ነበር፤ ነገር ግን የእነርሱም ዝግጅት ዋናው ክፍል ክረምቱ ላይ ነው ያረፈው።

ዝናብ በሯጭ ላይ የሚያደርገው ምንድር ነው? በዚህ ላይ ሕዝቡ ሊቃውንቱን የቀደመ ይመስለናል። «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለው ተረት ሁለት የተለያዩ ጠላቶችን ለይቶ ይጠራል። ድጥ እግርን ያንሸራትታል፤ ሯጩ መሬቱን ወደ ኋላ ሲገፋ ግፊቱ ከፊሉ ይጠፋል፤ እንዳይወድቅም እርምጃውን ያሳጥራል። ማጥ ደግሞ እግርን ይይዛል፤ ለመንቀል ብቻ ጉልበት ይጠይቃል። በዋልካ መሬት ላይ የሮጠ ሰው ጫማው በየእርምጃው እየከበደ እንደሚሄድ ያውቃል። ይህ ክብደት ቀላል ነገር አይደለም። ባለሙያዎች እንደ ለኩት በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሯጩ የሚያወጣው ጉልበት ከመቶ 1 እጅ ያህል ይጨምራል። ውሃ የጠጣ ጫማና ጭቃ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። (ባዶ እግር በዚህ በኩል የሚሻልበት ነገር አለ፤ ቢያንስ ውሃ አይሸከምም።)

ሦስተኛው ጉዳይ የሰውነት ሙቀት ነው፤ በዚህም ዝናብ አንዳንዴ ወዳጅ አንዳንዴ ጠላት ይሆናል። ሯጭ ከሚያቃጥለው ኃይል ከሦስት አራተኛው ያላነሰው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ይህን ሙቀት ማስወገድ ካልቻለ ፍጥነቱ ይወርዳል። ስለዚህ በመጠነኛ ቅዝቃዜ የምትወርድ ካፊያ ሯጩን ታቀዘቅዛለች እንጂ አትጎዳውም። ዶፍ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በበለጠ ፍጥነት ይወስዳል፤ የራሰ ልብስ ላይ ነፋስ ሲጨመርበት ጡንቻው ይደነዝዛል፤ ሰውነቱም ለሩጫ የሚያስፈልገውን ኃይል ለመንቀጥቀጥ ያወጣዋል።

ይህን በታሪክ ለማየት ከቦስተን ማራቶን የተሻለ ስፍራ አናገኝም፤ መንገዱ አንድ፣ ወሩም አብዛኛውን ጊዜ ኤፕሪል ስለሆነ ንጽጽሩ ቀላል ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ቀዝቃዛ ዝናብ ከፊት ነፋስ ጋር ሲወርድ እንግሊዛዊው ሮን ሂል በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ገብቶ የቦታውን ክብረ ወሰን ከ3 ደቂቃ በላይ አሻሻለ። ይህ ሰው በትምህርቱ የጨርቅ ኬሚስት እንደ ነበረ መጥቀስ ያስፈልጋል፤ ልብስ ውሃ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ከሌሎቹ ይልቅ ያውቅ ነበርና። ከ48 ዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 16 ቀን 2018፣ በዚያው መንገድ ላይ ሙቀቱ ወደ 4 ዲግሪ ወርዶ ዶፉ ከኃይለኛ የፊት ነፋስ ጋር መጣ። ጃፓናዊው ዩኪ ካዋውቺ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አሸነፈ፤ ከራሱ ምርጥ ሰዓት ከ7 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ካዋውቺ በትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በሴቶች ዴዚሬ ሊንደን በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ገባች፤ ከ1978 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲህ የዘገየ የአሸናፊ ሰዓት በቦስተን አልታየም። የእኛዋ ማሚቱ ዳስካ መሪነቱን ይዛ ከቆየች በኋላ አቋረጠች። ከታወቁት የኢትዮጵያና የኬንያ ሯጮች ሌሎችም ብዙዎች አቋረጡ።

ሁለቱም ቀኖች በመዝገብ ላይ «ዝናባም» ተብለው ነው የሚጻፉት። ስለዚህ ዝናብ ብቻውን የፍጥነት መለኪያ አይሆንም፤ መጠየቅ የሚገባው አብሮት የመጣው ብርድና ነፋስ ምን ያህል እንደ ነበረ፣ እግር የሚያርፍበትም መሬት ምን እንደ ሆነ ነው። ደጋ ያደገ ሰው ዝናብን ስለ ለመደ በየትኛውም ዝናብ ያሸንፋል የሚሉ አሉ፤ የ2018ቱ ቦስተን ይህን አስተያየት ያፈርሰዋል። የአዲስ አበባ ክረምት ቀን ቀን ወደ 20 ዲግሪ የሚደርስ፣ ሌሊትም ከ10 ብዙ የማይወርድ ነው። ከ4 ዲግሪና ከውቅያኖስ ነፋስ ጋር አይመሳሰልም።

መጠነኛ በሆነ ዝናብ ግን የእኛ ሯጮች ምን እንደሚያደርጉ ለንደን በ2020 እ.ኤ.አ. አሳየች። በዚያ ዓመት በወረርሽኙ ምክንያት ውድድሩ ወደ ኦክቶበር 4 ቀን ተዛውሮ፣ ተመልካች በሌለበት፣ በቅዱስ ጄምስ መናፈሻ ዙሪያ ከ19 ጊዜ በላይ በመዞር ተደረገ። ዕለቱ በእኛ መስከረም 24 ቀን 2013 ነው፤ ክረምት ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው። ዝናቡ አላቋረጠም። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በማራቶን ያልተሸነፈው ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ስምንተኛ ወጣ፤ ጆሮው መደፈኑንም ተናገረ። ሹራ ቂጣታ በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ አሸነፈ፤ ከሁለተኛው የበለጠው በአንድ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ሲሳይ ለማም ሦስተኛ ሆነ። እስከ መጨረሻው ብዙ ሆነው አብረው መቆየታቸውና በመጨረሻው ጥቂት መቶ ሜትር መለያየታቸው የዝናብ ውድድር ጠባይ ነው፤ ማንም ቀድሞ ወጥቶ ነፋሱን ብቻውን ሊጋፈጥ አይወድም።

ይህ ጠባይ በቶኪዮም ታይቷል። በ1964 እ.ኤ.አ. የመሮጫ ሜዳ የሚነጠፈው ከተቃጠለ የድንጋይ ከሰል ፍርፋሪ ስለ ነበረ ዝናብ ሲዘንብበት ይላቁጥ ነበር። ኦክቶበር 18 ቀን በዝናብ በተደረገው የ5,000 ሜትር ፍጻሜ አሜሪካዊው ቦብ ሹል ያሸነፈው በ13 ደቂቃ ከ48.8 ሰከንድ ነው፤ የዚያን ጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ግን 13 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ነበር። ይሁንና የመጨረሻውን ዙር ከ55 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሮጠው። እንግዲህ የዘገየው ሰዓት በሙሉ የጭቃው ሥራ አይደለም፤ ከፊሉ የሯጮቹ ጥንቃቄ ነው። ዝናብ ፍጥነትን የሚቀንሰው በእግር በኩል ብቻ ሳይሆን በሐሳብም በኩል ነው።

ያ ኦሎምፒክ በከሰል ፍርፋሪ ላይ የተሮጠበት የመጨረሻው ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ውሃ የማይላቁጠው ሰው ሠራሽ ንጣፍ ተዘረጋ፤ ማሞ ወልዴም በ10,000 ሜትር ሁለተኛ የወጣው በዚያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በትልልቆቹ ስታዲየሞች ውስጥ አብዛኛውን ሥልጣኑን ተነጠቀ ማለት ይቻላል። ሥልጣኑ የቀረለት በአገር አቋራጭ ሩጫ ነው። በማርች 2001 የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር በከብት በሽታ ምክንያት ከደብሊን ወደ ቤልጂግ ኦስተንድ ተዛውሮ በተደረገ ጊዜ ሜዳው ማጥ ሆኖ ነበር። ጌጤ ዋሚ በረጅሙ ውድድር ለፓውላ ራድክሊፍ ተሸንፋ ሁለተኛ ወጣች፤ በማግሥቱ በአጭሩ ውድድር ያንኑ ጭቃ ተመልሳ ገብታ ራድክሊፍን አሸነፈቻት። የ18 ዓመቱ ቀነኒሳ በቀለም በዚያው ሜዳ የወጣቶቹን ውድድር 33 ሰከንድ ቀድሞ ጨርሶ፣ በአዋቂዎቹ አጭር ውድድር ሁለተኛ ሆነ። ጌጤ የጫጫ፣ ቀነኒሳ የበቆጂ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም አገሮች በክረምት ምን እንደሚመስሉ ለሚያውቅ ውጤቱ አያስደንቀውም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ከአሰላ አጠገብ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ይማር በነበረ ጊዜ በክረምት ወንዝ ሲሞላ መሻገሪያ ፍለጋ ዳር ዳሩን ወጣ ወረድ ማለት ግድ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ትምህርት እንዳያመልጣቸው የበለጠ ይሮጡ እንደ ነበር ተናግሯል። እዚያ ቦታ ዝናቡ ፍጥነትን አልቀነሰም፤ ጨመረ።

ወደ ልምምዱ እንምጣ። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ ሲሆን አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ዝናቡ የሚያዘወትረው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ሯጮች ንጋትን ይሻማሉ። ገና ሳይነጋ ወደ እንጦጦ፣ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሰንዳፋ ይወጣሉ። በእንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ በሰልፍ ሆነው የፊተኛውን እግር እየተከተሉ ዛፍ ለዛፍ ይሽሎከለካሉ። ይህ አሠራር በበጋ ልማድ ነው፤ በክረምት ግን ጥበብ ይሆናል፤ መሪው ድጡን ለይቶ የረገጠበትን ተከታዩ ይረግጣልና። ርቀትም በኪሎ ሜትር መቈጠሩ ቀርቶ በጊዜ ይሆናል፤ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል። በኪሎ ሜትር የሚወስደው ደቂቃ ሲረዝም ልብና ሳንባ ግን ያው ወይም የበለጠ ሠርተዋል። በዚህ ላይ ሰዓት ብቻ የሚመለከት ሰው ሯጩ የሰነፈ ይመስለዋል።

በክረምት ከሁሉ ይበልጥ የሚቸግረው ፈጣን ልምምድ ነው። ዝግታው ሩጫ ጭቃ ላይ ይሆናል፤ 400 ሜትር ወይም 1,000 ሜትር እየደጋገሙ መሮጥ ግን የሚይዝ መሬት ይፈልጋል። ሰው ሠራሽ ንጣፍ ያላቸው ሜዳዎች ጥቂት ሲሆኑ በአገሩ ያሉት ሯጮች ብዙ ናቸው። ያላገኘው ወደ አስፋልት ይወጣል፤ አስፋልት አይላቁጥም፤ ነገር ግን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይጎዳል፤ መኪናም አለበት።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ለብዙ ወጣቶችም እንጀራቸው የተንጠለጠለበት ነው። ለቶኪዮ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ሯጮች የተመረጡት ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. (ጁን 8 ቀን 2021) በሆላንድ ሄንግሎ ነው። ለተሰንበት ግደይ በዚያ ውድድር 29 ደቂቃ ከ1.03 ሰከንድ በመግባት፣ ሲፋን ሐሰን ከሁለት ቀን በፊት በዚያው ሜዳ ያስመዘገበችውን የዓለም ክብረ ወሰን ከ5 ሰከንድ በላይ አሻሻለች። ምርጫው ወደ ውጭ አገር የሚወጣው በአገራችን ከፍታ ምክንያት ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። እኛ ግን ወሩም በዚህ ሂሳብ መግባት አለበት እንላለን። ሄንግሎ የሚደርሰው አስቀድሞ ስም ያወጣ ሯጭ ብቻ ነው። ስም ያላወጣው የበቆጂ ወይም የደብረ ብርሃን ልጅ በሐምሌ ጭቃ ላይ በያዘው ሰዓት ይመዘናል፤ ያም ሰዓት በጥር ደረቅ ሜዳ ላይ ከተያዘው ጋር ባንድ ዓምድ ይጻፋል። ክለብ የሚቀጥረው ወይም የሚመልሰው በዚያ ቁጥር ነው።

ለአጭር ርቀት ሯጮችና ለርዝመት ዘላዮች የነፋሱ ፍጥነት ከውጤታቸው ጎን ይጻፋል፤ ከኋላ የሚገፋው ነፋስ በሰከንድ ከ2 ሜትር ከበለጠ ክብረ ወሰኑ አይጸድቅም። ስለ ረጅም ርቀት ሯጭና እግሩ ስላረፈበት መሬት ግን እንዲህ ያለ ዓምድ በውጤት ወረቀት ላይ የለም።